ናክልቦል፦ ስለማይሽከረከረው ኳስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ጠዋት ልጆቻችን ቤዝቦል ሲጫወቱ ከሜዳው ዳር በፔርሙስ ሻይ ይዘን የምንቆም ወላጆች ብዙ ነን። እኔ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጨዋታውን ያስተማረኝ ልጄ ነው፤ ከውርወራዎቹ ሁሉ ልቤን የወሰደው ግን ናክልቦል ነው። ከታች ያሉት ጥያቄዎች እዚያው ሜዳ ዳር፣ አንዳንዴም በስልክ የተጠየቅኳቸው ናቸው። ኳሱን የሚወረውረውን «ወርዋሪ»፣ በዱላ የሚመታውን «መቺ»፣ ከመቺው ጀርባ ተንበርክኮ ኳሱን የሚይዘውን ደግሞ ሁላችንም እንደምንለው «ካቸር» እላለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ናክልቦል ማለት ምን ማለት ነው?

ወርዋሪው ሆን ብሎ እንዳይሽከረከር አድርጎ የሚለቀው ኳስ ነው።

ሌሎቹ ውርወራዎች ጉልበታቸው ያለው በመሽከርከራቸው ላይ ነው። ፋስትቦል ወደ ኋላ ስለሚሽከረከር ቶሎ አይወርድም። ከርቭቦል ወደ ፊት ስለሚሽከረከር መቺው አጠገብ ሲደርስ ወደ ታች ይጠመዘዛል። ስላይደር ወደ ጎን ይሸሻል። ጥሩ ፋስትቦል ከወርዋሪው እጅ ወጥቶ መቺው ጋ እስኪደርስ 15 ጊዜ ያህል ይዞራል። ናክልቦል በዚያው መንገድ ቢዞር አንድ ጊዜ ነው፤ ግማሽ ዙር ብቻ የሚዞርበትም ጊዜ አለ። ቆመው ሲያዩት በቀዩ ክር የተሰፋው ስፌት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ወዴት እንደሚታጠፍ ግን መቺውም አያውቅ፣ ካቸሩም አያውቅ፣ የወረወረውም ሰው አያውቅ።

ስሙ ከየት መጣ? በአማርኛስ ምን እንበለው?

ናክል የጣት አንጓ ነው። የመጀመሪያዎቹ ወርዋሪዎች ጣታቸውን አጥፈው በአንጓቸው እየደገፉ ይወረውሩት ነበር። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለቺካጎ ዋይት ሶክስ የተጫወተው ኤዲ ሲኮት በዚህ ውርወራ ከመታወቁ የተነሳ ቅጽል ስሙ «ናክልስ» ሆኖ ቀረ። አሁን ያሉት የሚይዙት በጣት ጫፍና በጥፍር ስለሆነ ስሙና አያያዙ ተለያይተዋል። ስለዚህ «የአንጓ ኳስ» ብሎ መተርጎም ሰው ያሳስታል። እኔ «ናክልቦል» እንዳለ እተወዋለሁ፤ ለማያውቅ ሰው ሳስረዳ «የማይሽከረከረው ኳስ» እላለሁ።

ሳይሽከረከር ለምን ይታጠፋል?

ምክንያቱ ስፌቱ ነው። የቤዝቦል ኳስ ሁለት ቁራጭ ነጭ ቆዳ በቀይ ክር የተሰፋበት ሲሆን ስፌቱ 108 ድርብ ጥልፍ አለው። ዓይን ጨፍነው በአውራ ጣት ቢዳስሱት ከቆዳው ከፍ ማለቱ ይታወቃል። ኳሱ ሲሄድ አየር በሁለት ጎኑ ታኮት ያልፋል። በአንዱ ጎን ስፌት ካለ አየሩ እዚያ ተደናቅፎ ይረበሻል፤ የተረበሸ አየር ደግሞ ኳሱን ቶሎ አይለቅም፣ እስከ ጀርባው ድረስ ተጣብቆ ይሄዳል። ለስላሳ ቆዳ ባለበት ጎን ያለው አየር ቶሎ ይላቀቃል። በዚህ ልዩነት ምክንያት ኳሱ ወደ አንድ ጎን ይገፋል። የሚሽከረከር ኳስ ላይ ስፌቱ ቶሎ ቶሎ ቦታ ስለሚለዋወጥ ይህ ግፊት እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ናክልቦል ላይ ግን ስፌቱ አንድ ቦታ ስለሚቆይ ግፊቱ ሥራውን ይሠራል። ኳሱ በዝግታ ትንሽ ዞር ሲል ደግሞ ስፌቱ ሌላ ቦታ ይመጣና ግፊቱም አቅጣጫውን ይለውጣል። ለዚህ ነው ጥቂት መዞሩ የሚፈለገው።

እግር ኳስ የሚወድ ሰው ይህን ነገር አይቶታል። ብራዚላዊው ጁኒንሆ ፔርናምቡካኖ ለሊዮን ሲጫወት፣ ከእሱም በኋላ ክርስቲያኖ ሮናልዶ የመቷቸውን ቅጣት ምቶች አስታውሱ። ኳሱ ሳይሽከረከር ይመጣል፣ ግብ ጠባቂው ወደ አንዱ ጎን ይወረወራል፣ ኳሱ በሌላ በኩል ይገባል። ፈረንጆቹ ያንን ምት የሚጠሩት በዚሁ በቤዝቦሉ ስም ነው። በ2010 በደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ ግብ ጠባቂዎች ሁሉ ያማረሩባት ጃቡላኒም ጉዳዩዋ ይኸው ነበር። በስምንት ቁራጭ ብቻ የተሠራችና ላይዋ ለስላሳ ስለነበረች በኃይል ስትመታ ትዋልል ነበር፤ የናሳ ተመራማሪዎችም ፈትሸዋት ይህንኑ አረጋግጠዋል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ስለ ቤዝቦል አንድም ነገር አያውቅም፤ «እንደ ጃቡላኒ» ስለው ግን ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

በአየር ላይ እንደ ቢራቢሮ ይወላገዳል የሚባለው እውነት ነው?

ዱላ ይዘው የቆሙት እንደዚያ ያዩታል፣ አይዋሹም። የስታዲየም ካሜራዎች መንገዱን ሲለኩት ግን አብዛኛው ናክልቦል የሚሄደው ከሌሎቹ ውርወራዎች ብዙም በማይለይ ልስልስ ያለ መስመር ነው። ልዩነቱ የአሁኑ ወዲህ፣ የሚቀጥለው ወዲያ መሄዱ ነው። ሁለቱ አይመሳሰሉም። የመቺ ዓይን ደግሞ የሚሠራው ከዚህ በፊት ባየው ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ፣ የጠበቀው ቦታ ኳሱን ሲያጣው የተወላገደ ይመስለዋል። ለእኔ ይህ ከቢራቢሮው ታሪክ የበለጠ ይደንቃል።

እንዴት ነው የሚያዘው?

አመልካች ጣትና መሃል ጣት ታጥፈው ጥፍራቸው ከስፌቱ ሥር ቆዳው ላይ ይተከላል። አውራ ጣት ከታች፣ ቀለበት ጣት ከጎን ይደግፋሉ። መዳፍ ኳሱን አይነካም፤ ከጎን ሲያዩት በመዳፉና በኳሱ መካከል ብርሃን ያልፋል። ሲለቀቅ የእጅ አንጓ እንደ እንጨት ቀጥ ብሎ ይቆያል፣ አይታጠፍም፣ አይገረፍም። ሁለቱ ጣቶች ኳሱን እኩል ወደ ፊት ገፋ ያደርጉታል። አንደኛው ጥፍር ከሌላው ቀድሞ ከለቀቀ ኳሱ መሽከርከር ይጀምራል፤ የማይታጠፍ፣ ቀርፋፋና ቀጥ ያለ ኳስ ከሆነ ደግሞ መቺው ከሜዳው አሻግሮ ይልከዋል።

ስለዚህ ጥፍር የሥራ ዕቃ ነው። አንጥረኛ መዶሻውን እንደሚጠብቅ ናክልቦል ወርዋሪም ጥፍሩን ይጠብቃል፦ ይሞርዳል፣ ያጠነክራል፣ እንዳይሰበር ይሳሳለታል። በነሐሴ 1987 ለሚኒሶታ ትዊንስ ይወረውር የነበረው ጆ ኒክሮ ኳሱን ይፍቃል ተብሎ ተጠረጠረ። ዳኞቹ ከበው ኪስህን አውጣ አሉት። ኪሱን ሲገለብጥ የጥፍር ሞረድ ብድግ ብሎ ሣሩ ላይ ወደቀ። ጥፍሬን የምሞርድበት ነው ብሎ ቢከራከርም 10 ጨዋታ ተቀጣ። ኳስ መፋቅ ክልክል መሆኑ ትክክል ነው፤ ናክልቦል ወርዋሪ ሞረድ ያስፈልገኛል ማለቱም እውነት ነው።

ቀርፋፋ ከሆነ ለምን በቀላሉ አይመቱትም?

ፋስትቦል ዛሬ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ከ18.44 ሜትር ርቀት ተወርውሮ ለመድረስ 0.4 ሴኮንድ ያህል ይበቃዋል። የቦስተን ሬድ ሶክስ ቡድን ወርዋሪ የነበረው የቲም ዌክፊልድ ናክልቦል ከ105 እስከ 113 ኪሎ ሜትር ነበር፤ እዚህ አሜሪካ አውራ ጎዳና ላይ በመኪና የሚኬድበት ፍጥነት ማለት ነው። መቺው የሚያስብበት ጊዜ በዝቶለታል። ችግሩ ዱላው መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ አቅጣጫ መለወጥ አለመቻሉ ነው። ኳሱ ደግሞ የሚታጠፈው ብዙ ጊዜ ያን ጊዜ ነው። በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ ናክልቦል ያየ መቺ በማግስቱ ፈጣን ኳስ ሲመጣበት ጊዜው ይዛባበታል፤ አሠልጣኞችም ወርዋሪዎቻቸውን ተራ ሲያስይዙ ይህን ያስቡበታል።

ካቸሩስ እንዴት ይይዘዋል?

እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ጊዜ አይይዘውም። ከዚህ ውርወራ ጋር የተያያዘው የእንግሊዝኛ ቃል «ፓስድ ቦል» ነው፦ ካቸሩ መያዝ ሲገባው ያመለጠው ኳስ። በ1987 የቴክሳስ ሬንጀርሱ ጄኖ ፔትራሊ በአንድ የውድድር ዘመን 35 አምልጠውታል፤ ለዚህ ያበቃው የናክልቦል ወርዋሪውን የቻርሊ ሃፍን ኳስ መያዙ ነው። ሕጉም ያባብሰዋል። መቺው ሦስተኛ ስትራይክ (መምታት ሲገባው ያልመታው ኳስ) ተቆጥሮበት ከጨዋታው ተራ ወጣ ሲባል ኳሱ ካቸሩን ካመለጠው፣ አንደኛው ቤዝ (መቺው ሮጦ የሚደርስበት የመጀመሪያው ማረፊያ) ባዶ ከሆነ ወይም ሁለት ሰው ቀድሞ ከወጣ፣ መቺው ሮጦ ቤዙን መያዝ ይችላል። ስለዚህ አሸንፈህም ትሸነፋለህ።

መፍትሔ ፍለጋው ብዙ አስኬዷል። በ1960 የባልቲሞር ኦሪዮልስ አሠልጣኝ ፖል ሪቻርድስ የናክልቦል ወርዋሪውን የሆይት ዊልሄልምን ኳስ ለመያዝ ከተለመደው እጅግ የሚተልቅ ጓንት አሠራ። በኋላ ሕግ ወጥቶ የካቸር ጓንት ዙሪያው ከ38 ኢንች፣ ማለትም ከ96.5 ሴንቲ ሜትር፣ እንዳይበልጥ ተወሰነ።

ከሁሉም ግን የቦስተኑ ታሪክ ይበልጣል። ዳግ ሚራቤሊ ሥራው የዌክፊልድን ኳስ መያዝ ነበር፤ ዌክፊልድ በማይወረውርበት ቀን ብዙ ጊዜ ተቀምጦ ይውላል። ሬድ ሶክስ በ2005 መጨረሻ ወደ ሳን ዲዬጎ ለወጡት። በምትኩ ኳሱን የያዘው ጆሽ ባርድ በአንድ ወር ውስጥ 10 አመለጠው። በሜይ 1 ቀን 2006 ምሽት ቦስተን ከኒው ዮርክ ያንኪስ ጋር ሊጫወት፣ ዌክፊልድም ሊወረውር ነው። በዚያው ቀን ሚራቤሊን በልውውጥ መልሰው ወሰዱት። ከካሊፎርኒያ በአውሮፕላን አመጡት፣ ከአየር ማረፊያው በፖሊስ መኪና ታጅቦ ከነፈ፣ ማሊያውን የለበሰው መኪናው ውስጥ ነው። ሜዳ የደረሰው ጨዋታው ሊጀመር ደቂቃዎች ሲቀሩት ነበር። ለኮከብ መቺ ወይም ለታዋቂ ወርዋሪ እንዲህ ሲደረግ አልሰማሁም፤ የተደረገው የማይያዝ ኳስ ለሚይዝ ሰው ነው።

ታላላቆቹ እነማን ናቸው?

ሆይት ዊልሄልም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባልጅ ውጊያ የቆሰለ ወታደር ነው። ወደ ትልቁ ሊግ የገባው በ1952 በ29 ዓመቱ ሲሆን 50 ዓመት ሊሞላው ቀናት እስኪቀሩት ድረስ ወርውሯል፤ 1,070 ጨዋታ። በ1985 የቤዝቦል ታላላቆች ወደሚከበሩበት ዝናው አዳራሽ ሲገባ ከተጠባባቂ ወርዋሪዎች የመጀመሪያው ሆነ።

ፊል ኒክሮ ውርወራውን የተማረው ኦሃዮ ውስጥ፣ ከቤታቸው ጓሮ፣ ከድንጋይ ከሰል ማውጫ ሠራተኛው አባቱ ነው። 318 ጨዋታ አሸንፏል፤ ከነዚህ 121ዱ 40 ዓመት ከሞላው በኋላ ናቸው። ከላይ ያነሳሁት ባለሞረዱ ጆ ታናሽ ወንድሙ ነው፤ እሱም 221 አሸንፏል። በድምሩ 539፣ ከወንድማማቾች ሁሉ የሚበልጥ ቁጥር። አባት ከሥራ ሲመለስ ጓሮ ውስጥ ያሳያቸው አያያዝ ነው ይህን ያህል የቆየው።

ቲም ዌክፊልድ በመቺነት ተመልምሎ አልሳካ ሲለው ወደ ናክልቦል ዞረ። 200 ጨዋታ አሸነፈ። በ2003 ከያንኪስ ጋር በተደረገው ወሳኝ ሰባተኛ ጨዋታ በ11ኛው ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) የያንኪሱ አሮን ቡን የመታው ኳስ የእሱ ነበር፤ የቦስተን ዓመት በዚያ ምት አለቀ። በቀጣዩ ዓመት ግን ቡድኑ 86 ዓመት የጠበቀውን ዋንጫ ሲያነሳ ዌክፊልድ አብሮ አነሳ። በ2023 በ57 ዓመቱ አረፈ።

አር. ኤ. ዲኪን ለብቻው ማንሳት እፈልጋለሁ። በ1996 ቴክሳስ ሬንጀርስ በመጀመሪያው ዙር መርጦት 810,000 ዶላር ቀረበለት። ሐኪሞች ሲመረምሩት በክርኑ ውስጥ አንድ ዋና ጅማት ጨርሶ እንደሌለው አገኙ፤ ገንዘቡ ወደ 75,000 ወረደ። ዓመታት ከታችኛው ሊግ ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ተመላለሰ። ሠላሳ ዓመት ከሞላው በኋላ ናክልቦል ሥራዬ ብሎ ያዘ። ቻርሊ ሃፍ ጋ ሄዶ አያያዙን አስተካከለ፣ ዌክፊልድን ጠየቀ፣ ፊል ኒክሮ ጋ ሄዶ ተማረ። ሁሉም አስተማሩት፤ ዌክፊልድ በወቅቱ የተቃራኒ ቡድን ተጫዋች ነበር። በ2012 ለኒው ዮርክ ሜትስ 20 አሸንፎ 6 ተሸነፈ፣ 230 መቺ በስትራይክ አስወጣ፣ ለዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ የሚሰጠውን የሳይ ያንግ ሽልማት ወሰደ። ከናክልቦል ወርዋሪዎች ይህን ያገኘ ከእሱ በፊት አልነበረም። የሱ ኳስ ከሌሎቹ ፈጠን ያለ፣ በሰዓት 125 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነበር።

ዋሽንግተን ውስጥ ከዚህ ታሪክ የቀረ ነገር አለ?

አለ፣ ያውም እኛ በየሳምንቱ በምንመላለስበት ሰፈር። ከናይንዝ ስትሪትና ከዩ ስትሪት ምግብ ቤቶቻችን በእግር ጥቂት ደቂቃ ተጉዛችሁ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ስትደርሱ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ። ቦታው እስከ 1965 ግሪፊዝ ስታዲየም የሚባል የቤዝቦል ሜዳ ነበር። በ1945 እዚያ የሚጫወተው የዋሽንግተን ሴናተርስ አራት ናክልቦል ወርዋሪዎችን በተራ ያሰልፍ ነበር፦ ደች ሌናርድ፣ ሮጀር ዎልፍ፣ ሚኪ ሄፍነርና ጆኒ ኒግሊንግ። እንዲህ ያለ ቡድን ከዚያ በፊትም በኋላም አልታየም። ዲትሮይትን በአንድ ጨዋታ ተኩል ብቻ ተከትሎ ሁለተኛ ወጣ። የአራቱንም ኳስ ይይዝ የነበረው ሪክ ፌረል ኋላ ዝናው አዳራሽ ገብቷል፤ በእኔ እምነት ለዚያ ዓመት ብቻ ሲባል ይገባው ነበር። ጠያቂ ሆናችሁ ሆስፒታሉ ስትሄዱ ሕንፃው ውስጥ መቺዎቹ ይቆሙበት የነበረው ቦታ ላይ ምልክት አለ፤ ልጆቻችሁን አሳዩአቸው።

ዛሬ ለምን አይታይም?

መልማዮች ሜዳ የሚመጡት የፍጥነት መለኪያ ይዘው ስለሆነ ነው። በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር የሚወረውርን ወጣት ማንም ቆሞ አያየውም። ናክልቦልን አጥርቶ ለመልቀቅ ዓመታት ይፈጃል፤ ቡድኖች ይህን ጊዜ አይሰጡም፣ የሚያስተምር አሠልጣኝም ጥቂት ነው። ከ2023 ወዲህ የሳን ዲዬጎው ማት ዋልድሮን ብቅ ብሎ ነበር፤ እሱም ከሌሎች ውርወራዎች ጋር እየቀላቀለ ነው የሚጠቀምበት። ከሰው ወደ ሰው በእጅ እየተሰጠ የመጣ ሙያ ተቀባይ ካጣ ይጠፋልና ይህ ያሳስበኛል።

ናክል ከርቭ የሚባለውስ አንድ ነው? ናክልሄድስ?

አይደለም። ናክል ከርቭ አንድ ጣት ታጥፎ የሚወረወር፣ በደንብ የሚሽከረከር ከርቭቦል ነው። ናክልሄድ ደግሞ ከቤዝቦል ጋር ግንኙነት የለውም፤ ሞኝ ማለት ነው። ልጅዎን እንዲያ ብሎ የጠራው ሰው ካለ ስለ ውርወራው እየተናገረ አይደለም።

ልጄ መሞከር ትፈልጋለች። ይጎዳት ይሆን?

የእጅ አንጓና ክርን ስለማይጠመዘዝ ከሌሎቹ ይልቅ ለክንድ የቀለለ ነው፤ ፊል ኒክሮ እስከ 48 ዓመቱ የወረወረው ለዚህ ነው። ያም ሆኖ የልጆች ቤዝቦል የሚያካሂደው ሊትል ሊግ በቀን የሚወረወረውን ይገድባል፦ ለ9 እና 10 ዓመት 75 ውርወራ፣ ለ11 እና 12 ዓመት 85። ናክልቦልም ይቆጠራል። ሴት ልጅ መሆኗ ምንም አያግዳትም፤ ጃፓናዊቷ ኤሪ ዮሺዳ ዌክፊልድን በቪዲዮ አይታ ተምራ በ16 ዓመቷ የወንዶች ፕሮፌሽናል ቡድን አስፈርሟታል።

እጇ ትንሽ ከሆነ በሁለት ጣት ፈንታ በሦስት ትያዝ። ያረጀ ኳስ ወስዳችሁ ዙሪያውን በጥቁር ማርከር አስምሩበት፤ መስመሩ ሳይንቀጠቀጥ ከመጣ ውርወራው ሠምሯል፣ ከተድበሰበሰ ተሽከርክሯል። መጀመሪያ ከአምስትና ስድስት ሜትር ይሁን፣ ሲጠራ ወደ ኋላ ትሂድ።

የምትይዙላት እናንተ ከሆናችሁ የካቸር ጭምብል አድርጉ። እኔ ሳላደርግ ቆሜ ልጄ የወረወረው ወደ ጓንቴ ሲመጣ ቆይቶ ድንገት ወደ ቀኝ ሸሸና አንገቴ ሥር አረፈ። ልጄ ደንግጦ እየሮጠ መጣ። ኳሱን ከሣሩ ላይ አነሳሁና በእጁ አስያዝኩት፤ ጥፍሮቹ የተተከሉበት ሁለት ትንንሽ ጭረት ቆዳው ላይ ይታይ ነበር። «አሁን የያዝከው እንዴት ነበር? አሳየኝ» አልኩት።